አሽቆለቆለች የተባለችው አጸደ

የውብዳር በናይሮቢ የባለጸጎች ሰፈር፣ በላቪንግተን፣ ከነበረው የልደት ግብዣ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ «ማሚ፣ አሽቆለቆለ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

እናቷ አጸደ ለነገ ገበያ የአገሩ ሴቶች የሚያገለድሙትን የካንጋ ጨርቅ እያጠፈች ነበር። እጇ እዚያው ቆመ። ልጅቱ የምታውቀው አማርኛ የቤት አማርኛ ነው፤ ብይ፣ ጠጪ፣ ተነሺ፣ በሩን ዝጊው። ትምህርት ቤቷ እንግሊዝኛ፣ መንደሯ ስዋሂሊ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ከሜዳ አይለቀምም።

«ማን ሲል ሰማሽ?»

«እትዬ አስናቀች። ለእንግዶቹ ሲያወሩ፣ 'የአውራጃ ገዢ ሚስት የነበረች ሴት ኢስትሊ መንገድ ላይ ጨርቅ ዘርግታ ትጮኻለች፤ ሰው እንዴት እንዲህ ያሽቆለቁላል?' አሉ። ከዚያ ኤቭሪባዲ ወደ እኔ ዞረ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ምንም። ኬኩን በላሁ።»

አጸደ ጨርቁን አጥፋ ጨረሰችና እራት አቀረበች። 

የተነገረው ውሸት ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። አጸደ በእርግጥም የአውራጃ ገዢ ሚስት ነበረች። ይርጋለም ላይ ሰፊ ግቢ፣ በረንዳ ያለው ቤት፣ በር ላይ ደጅ የሚጠና ሰው ነበራት። ያን ጊዜ አስናቀች ራሷ ከአዲስ አበባ ለእንግድነት ስትመጣ «እርስዎ» እያለች ታወራት፣ ሳትፈቅድላት አትቀመጥም ነበር። ባለቤቶቻቸው የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው። ለውጡ ሲመጣ የአጸደ ባል አስቻለው ታስሮ በዚያው ቀረ፤ ሬሳውንም የሰጣት የለም። የአስናቀች ባል ሐብተማርያም ግን በዚያ ሰሞን ለስብሰባ ውጭ አገር ስለነበረ ሳይመለስ ቀረና ናይሮቢ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሥራ ያዘ፤ ሚስቱን አስመጣ፣ ላቪንግተን ግቢ ያለው ቤት ተከራየ።

አጸደ የመጣችው በሌላ መንገድ ነው። ቤቷ ከተወረሰ በኋላ እሷንም ሊይዟት መሆኑን ስትሰማ ልጇን አዝላ በዲላ፣ በያቤሎ አድርጋ፣ ገሚሱን በጭነት መኪና፣ ገሚሱን በእግሯ ተጉዛ ሞያሌ ደረሰች። ሞያሌ ላይ መስቱራ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ አጸደን ከሱቋ ደጃፍ ቁጭ ብላ አገኘቻት። አጸደ ማን እንደሆነች፣ የማን ሚስት እንደሆነች መስቱራ አልጠየቀቻትም። ውሃ ሰጠቻት፣ ልጅቱን ከጀርባዋ አወረደችላት፣ «እግርሽ ደምቷል፣ ግቢ» አለቻት። ከወራት በኋላ መስቱራ ንግዷን ወደ ናይሮቢ ስታዞር አጸደንም ይዛት ሄደች። በማርሳቢት በረሃ በጨርቅ እስር ላይ ተቀምጠው ነው የሄዱት።

የናይሮቢ የነጋዴ ሰፈር ኢስትሊ እንደደረሱ አጸደ መጀመሪያ ጨርቅ ተሸከመች። ቀጥላ ማጠፍ፣ ቀጥላ መለካት፣ ቀጥላም መጥራት ተማረች። መጥራቱ ነበር የከበዳት። በይርጋለም ቤት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ማዘዝ የለመደ ሰው መጮህ አይፈልግም። መጀመሪያ ቀን «ካሪቡ ማማ፣ ካንጋ ንዙሪ»፣ ነይ እናቴ፣ ጥሩ ካንጋ አለ፣ ለማለት አፏን ስትከፍት የወጣላት ሹክሹክታ ብቻ ነበር። መስቱራ በሳቅ ፈረሰች፤ አጸደም ተናዳ ጮኸች፤ በንዴት የወጣው ድምፅ መንገዱን አሻግሮ ሁለት ሴቶች አመጣ። ከዚያ ወዲያ አልቸገራትም። ውሎ አድሮ የሱቁ እኩሌታ የእሷ ሆነ።

በማግስቱ ልጇን ወደ ትምህርት ቤት ስታደርሳት ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ላይ ቆም አለች።

«ትናንት የጠየቅሽኝ ቃል» አለች። «ይኸው፣ ቁልቁለት ይሄ ነው። ሰው በዚህ ሲወርድ አቆለቆለ ይባላል። በእኛ አገር ባላገሩ ከደጋ ወደ ቆላ ሲሄድ አቆለቆለ ይላል፤ እህል ሊሸምት ወይ ዘመድ ሊጠይቅ ነው፣ ነውር የለበትም። ፀሐይም ከቀትር በኋላ ታቆለቁላለች። አሽቆለቆለ ሲባል ግን ነገሩ ይከፋል። ገበያው አሽቆለቆለ፣ ጤናው አሽቆለቆለ፣ ጠባዩ አሽቆለቆለ ይባላል። እየባሰበት የሚሄድ፣ መቆሚያ ያጣ ነገር ነው።»

«ፍሬን እንደሌለው ማታቱ?» አለች ልጅቱ የከተማውን ሚኒባስ ታክሲ አስባ።

«እንደሱ።»

የውብዳር ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ አንቺ ፍሬን የለሽም?» አለች።

 አጸደ ልጅቱን ሸኝታ ዳገቱን ተመለሰች፤ ያ ጥያቄም ቀኑን ሙሉ እንደ ጠጠር በጫማዋ ውስጥ ቆየ።

በዚያው ሳምንት ሐብተማርያም ራሱ ወደ ሱቁ መጣ። መኪናውን የሚያቆምበት አጥቶ ሩቅ ትቶት ስለመጣ ሱሪው ጭቃ ነክቶት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። የአስቻለውን ነገር ሲያነሳ ዓይኑ እንባ ያዘ። የሚቀመጥበት ወንበር ስላልነበረ መስቱራ የጨርቅ እስር አስተካከለችለት።

«አጸደ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይኼ ቦታ ላንቺ አይደለም።»

«ለማን ነው ጋሼ?»

ሐብተማርያም ወደ መስቱራ አየት አደረገና ዓይኑን መለሰ። መስቱራ አይታዋለች፤ መቀሷን አንስታ ጨርቅ መቁረጥ ቀጠለች።

«እኛ ግቢ ከኋላ ባዶ ክፍሎች አሉ። ከአስናቀች ጋር ትሆኛለሽ፤ ወጥ ቤቱን፣ ሠራተኞቹን ታይልናለሽ። የውብዳርን ከልጆቼ ጋር ጥሩ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ። ሰው ያወራል፣ አጸደ። የአስቻለው ስም እኮ የእኛም ስም ነው።»

«ከኋላ ያሉት ክፍሎች የሠራተኞች አይደሉም እንዴ?»

«ይታደሳሉ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች አጸደ። «ግን እዚህ ባለቤት ነኝ። እዚያ ብመጣ ጥገኛ ነኝ። ለሰው ዓይን የተሻለ መስሎ መኖርን ይርጋለም ላይ ጠግቤዋለሁ።»

«ኩራት አያበላም።»

«እኔን ያበላኝ ጨርቅ ነው ጋሼ። ኩራቱን በነፃ ነው የጨመርኩት።»

እሱ ከሄደ በኋላ መስቱራ ጥቂት ስትሠራ ቆይታ፣ «እትዬ አጸደ፣ ልጅሽ ትምህርት ቤቱን አትፈልገውም?» አለች። ያ ጥያቄ ከሐብተማርያም ንግግር ሁሉ የበለጠ ወጋት። አጸደ ገበያተኛ ልታስተናግድ ወጣች።

አስናቀች በየቅዳሜው ከሰዓት በረንዳዋ ላይ ሴቶቹን ለሻይ እንደምትሰበስብ ናይሮቢ ያለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቃል። አጸደ በሚቀጥለው ቅዳሜ ካሉት ጨርቆች ምርጥ ምርጡን መርጣ እስር አሰረች። መስቱራ ስታያት ቆይታ፣ «ልትሸጪ ነው ወይስ ልትጣዪ?» አለቻት።

«ሁለቱንም። ገበያ ከተወጣ ሁለቱም አይቀርም።»

በማታቱ ሄዳ የቀረውን መንገድ እስሯን ተሸክማ ወጣችው። ላቪንግተን አጥሩ ረጅም፣ መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ በእግሩ የሚሄደው ሠራተኛ ብቻ ነው። በሩን የሚጠብቀው አስካሪ ልብሷንና ሸክሟን ተራ በተራ አይቶ ግራ ገባው። «የቤቱ ዘመድ ነኝ» አለችው በስዋሂሊ። እውነት ነበር።

በረንዳው ላይ ሴቶቹ ሲያይዋት ወሬው ተቋረጠ። አጸደ ሰላምታ ሰጥታ እስሯን ፈታችና ጨርቁን ሣሩ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋችው፤ ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ጥለት ያለውን የሞምባሳ ካንጋ፣ ከሶማሌ ነጋዴ የተገዛውን ስስ ድሪያ።

አስናቀች ተነሳች። «አጸደ፣ ምነው ሳትጠሪ?»

«ነጋዴ ተጠርቶ አይመጣም፣ አስናቀች።»

በናይሮቢ አስናቀች «አንቺ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች፤ አጸደ ግን ዘመድ ላለማስቀየም «እርስዎ»ን ይዛ ቆይታ ነበር። ያን ቀን ተወችው።

«ልጄ ከቤትሽ አንድ ቃል ይዛልኝ መጣች» አለች። «በሕፃን ጆሮ ከሚላክ ፊት ለፊት ብትነግሪኝ ብዬ መጣሁ።»

አስናቀች ፊቷ ቀላ፤ ወደ እንግዶቿ ዞር አለች፣ ማምለጫ እንደሌለ ስታይ አገጯን ቀና አደረገች። «ምን ይዋሻል? አሽቆልቁለሻል። ማን ነበርሽ፣ ዛሬ ምን ተሸክመሽ ነው የመጣሽው? እያዘንኩ ነው የተናገርኩት።»

«ወርጃለሁ» አለች አጸደ። «ከበረንዳ ወርጃለሁ፣ ከበቅሎ ወርጃለሁ፣ በረሃ ለበረሃ ከጭነት መኪና ወርጃለሁ። የወረድኩት በእግሬ ነው፤ የገፋኝን ሁሉ ስም አውቀዋለሁ። እንደወረድኩ ግን ቁጭ ብዬ አላለቀስኩም፣ ሥራ ያዝኩ። ማሽቆልቆል መቆሚያ የለውም፤ እኔ ቆሜያለሁ፣ ይኸው። አንቺ ደግሞ ከዚያ ላይ ሆነሽ አቆልቁለሽ ስታዪኝ ስንት ጊዜ ሆነሽ፤ አንገትሽን አያምሽም?»

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። እማማ ታየች ናቸው፤ ፓርክላንድስ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ በዕድሜያቸው ምክንያት ማንንም የማይፈሩ ባልቴት። ከዘራቸውን ተደግፈው በረንዳውን ወረዱና ጎንበስ ብለው ሰማያዊውን ጨርቅ በጣታቸው አሹት። «ይሄ ይለቃል?» አሉ።

«አይለቅም እማማ።»

«እንግዲያው ጠቅልይልኝ።»

ሌሎቹ ከወንበራቸው አልተነሱም። አጸደ ለአንዲት ሴት ብቻ ሸጣ የቀረውን አሰረችና ተመልሳ ሄደች። ቁልቁለቱን ቀና ብላ ነው የወረደችው።

ዋጋውን የከፈለችው ልጅቱ ናት። ከዚያ ወዲያ የውብዳር ላቪንግተን አልተጠራችም። በሚቀጥለው ግብዣ ቀን አልጋው ላይ ተኝታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ለምን ሄድሽ ማሚ? አሁን ጓደኛ የለኝም» አለች። አጸደ ጸጉሯን ልትዳብስ ብትሞክር እጇን ገፋችው። የይቅርታ ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ትክክል ነበርኩ ብላም በሙሉ ልቧ ማለት አልቻለችም። ብቻ ብትደግመው ኖሮ ያንኑ ታደርግ እንደነበር ታውቃለች።

ሴቶቹ ግን ቀስ በቀስ ወደ ኢስትሊ መምጣት ጀመሩ፤ አንዷ ለሌላዋ ሳትነግር፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ስባ። አጸደ ከገዢ ጋር አትኮራረፍም። የካቲትና መጋቢት ጥሩ ሆኑ፤ ሱቁ ሰፋ፤ መስቱራ የልብስ ስፌት መኪና አስገባች።

በ1974 ሐምሌ መጨረሻ፣ እሑድ ማለዳ፣ የኬንያ አየር ኃይል ወታደሮች መንግሥት ገልብጠናል ብለው በሬዲዮ አወጁ። ኢስትሊ ከጦር ሰፈሩ ጎን ስለሆነ ተኩሱ መስኮቱን ያርገበግበው ነበር። አጸደ፣ መስቱራና ልጅቱ በአልጋ ሥር ተኝተው ዋሉ። ሙከራው በዚያው ቀን ከሸፈ፤ ከተማው ግን እስኪረጋጋ ሱቅ ሁሉ ተሰብሮ ተዘርፏል። በማግስቱ ሄደው ሲያዩ የእነሱ ሱቅ በር ከማጠፊያው ተነቅሏል፤ ጨርቅ የለም፣ የስፌት መኪናው የለም፣ መደርደሪያው እንኳ ተወስዷል። ወለሉ ላይ የመቀስ እጀታና የተረገጠ ቁራጭ ጨርቅ ብቻ ቀርቷል። መስቱራ ደፉ ላይ ተቀምጣ ነጠላ ጫማዋን እያየች «ኢና ሊላሂ» አለች።

መንገዱ ሲከፈት ሐብተማርያም መጣ። ደህና መሆናቸውን ሲያይ እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ይህን ከልቡ ነው ያደረገው። ከዚያ ባዶውን ወለል አየ።

«አጸደ፣ አሁን ይበቃሻል» አለ። «ክፍሉ አሁንም አለ። አስናቀችም የድሮውን ትታዋለች። ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ ነው ይባላል።»

አጸደ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ደክሟት አያውቅም። የላቪንግተን ክፍል፣ ሙቅ ውሃ፣ የማይሰበር በር፤ ሁሉም ፊቷ መጣ። እሺ ልትል ትንሽ ነው የቀራት። እሺ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ እንደነበረ ኋላ ለመስቱራ አልደበቀቻትም።

የውብዳር ቀድማ ተናገረች። «ጋሼ፣ ወደቁ ነው ያሉት?»

«አዎ ልጄ።»

«ወደቁ ከሆነ ሶ፣ ይነሳሉ። አሽቆለቆሉ ቢሉን ነበር የምፈራው።» አነጋገሯ የተኮላተፈ፣ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ የገባበት ነበር፤ ቀልድም አልነበረበትም። እንደ ትምህርት ቤት ጥያቄ ነው የመለሰችው።

ሐብተማርያም ልጅቱን አየ፣ እናትየውን አየ። አጸደ ከግድግዳው ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች።

«መላላጡን ችዬዋለሁ ጋሼ» አለች። «ቆዳዬ ለምዶታል። ስለመጡልን ግን እግዜር ያክብርልኝ። ይችን በር አብረን ብናነሳት?»

ሐብተማርያም ኮቱን አወለቀና በሩን ከእሷ ጋር አንስቶ ቦታው አስደገፈው።  ከዚያ በኋላ ስለ ክፍሉ ዳግመኛ አንስቶ አያውቅም።

እንደገና የጀመሩት ከመንገድ ዳር ነው። እማማ ታየች ነገሩን ሲሰሙ የመኝታ ቤታቸውን መጋረጃ አውርደው በማታቱ ይዘውት መጡ፤ ልጃቸው እብደት ነው ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ወፍራም አበባማ ጨርቅ ነው። አጸደና መስቱራ የጎረቤት ልብስ ሰፊ መኪና ተውሰው የሕፃናት ቀሚስ ሰፉበት። ቀሚሱ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ አፍ ላይ ተሰቅሎ ተሸጠ፤ በዚያ ሌላ ጨርቅ ተገዛ። የዝናቡ ወቅት አስቸገራቸው፣ የከተማው ጠባቂዎች አሯሯጧቸው፣ አንዴም ዕቃቸውን ጥለው ሸሹ። የኢትዮጵያውያን ማኅበር ውስጥ «አሁንስ ጨርሳ አሽቆለቆለች» የሚለው ወሬ ዞረ። አጸደ ወሬውን ላመጣላት ሰው፣ «ከዚህ በታች ወንዝ ነው፤ ስደርስ እነግርሃለሁ» አለችው። በሁለተኛው ዓመት ሎጂንግ ከሚሉት ርካሽ የእንግዳ ማረፊያ ሥር ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራዩ። የስፌት መኪናም ገዙ፤ አሮጌ፣ የሚንጫጫ፣ ግን የራሳቸው።

ደርግ የወደቀ ሰሞን ናይሮቢ ያለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሻንጣ ይገዛ ነበር። አስናቀችና ሐብተማርያም ከመጀመሪያዎቹ ጋር ሄዱ። ሐብተማርያም ሊሰናበት ኢስትሊ መጣ፤ አስናቀች አልመጣችም፣ አጸደም አልጠበቀቻትም። «አገር አትገቢም?» አላት ሐብተማርያም። «ቤትሽን ይመልሱልሽ ይሆናል።»

«የይርጋለሙ ቤት ሰው ይኖርበታል አሉ፤ ልጆችም ወልደውበታል። ያን ቤት ብዬ ልጆች አላባርርም።»

መስቱራና እሷ ከክረምቱ በኋላ ለዕቃ ወደ ሞያሌ ሄዱ። አጸደ ከወጣች ጀምሮ ድንበሩን ተሻግራ አታውቅም። መስቱራ ኬንያ በኩል የገዙትን ጭነት እየጠበቀች ቀረች፤ አጸደ ብቻዋን፣ ጸጉሯ ገብስማ ሆኖ፣ ትከሻዋ ላይ ባዶ ጆንያ ጥላ በእግሯ ተሻገረች። ኬላው ላይ ጠመንጃ ያነገተ ባለ ጎፈሬ ወጣት አስቆማት።

«ከስደት ተመላሽ ነሽ እማማ?»

«አይደለሁም» አለች አጸደ። «ነጋዴ ነኝ። ዕቃ ገዝቼ ማታ እመለሳለሁ።»

ወጣቱ ጆንያውን አየና እጁን አወዛወዘ። እሷም ወደ ገበያው ገብታ፣ ከአንድ የቡልኮ ሻጭ ፊት ቆመች፣ አንዱን አንስታ ሽመናውን ወደ ብርሃን አዞረችና፣ «ይሄ ሳስቶብሃል፣ ደህናውን አውጣ» አለችው።